ያልተመዘገበችው ልጅና ያልተከደነው ጉድጓድ

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር በሚገኝ የገጠር ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ። የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚያስተምር፣ ሁለት የጭቃ ክፍሎችና ሦስት መምህራን ያሉት፣ ተማሪዎቹም ከስልሳ የማይበልጡ ነው። በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር ሴት ልጄ 9 ዓመት ሞልቷት ገና 1ኛ ክፍል ልትገባ ነው። ለማስመዝገብ ብሄድ የልደት ምስክር ወረቀት የላትም፣ ዕድሜዋም አልፏል፣ ለአጥር የተጣለውን 300 ብር መዋጮም አልከፈልክም ተብዬ ተመለስኩ። ባለፈው ሰኔ ደግሞ የ8 ዓመት ወንድ ልጄ በዕረፍት ሰዓት የጨርቅ ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ፣ ለመጸዳጃ ቤት ተቆፍሮ በተተወ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናና ደንገል ብቻ በተጋደመበት ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ውኃ አቁሮ ስለነበር ትልልቆቹ ተማሪዎች ባያወጡት ኖሮ በሕይወት አይተርፍም ነበር። ርዕሰ መምህሩ «እኔ አልቆፈርኩትም፤ የመንግሥት ነው» አለኝ። ከማዶ በታንኳ የሚመጡ ልጆችም አሉ፤ ነፋስ አስሯቸው ሲዘገዩ በአለንጋ ይገረፋሉ። ጎረቤቶቼ ግን «ከከሰስክ ተማሪው ትንሽ ስለሆነ ትምህርት ቤቱን ያጥፉብናል» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልጅዎ በሕይወት በመትረፉ እንኳን ደስ አለዎት። የምዝገባውንና የጉድጓዱን ጉዳይ እንደ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አድርገው ጽፈውልኛል፤ እኔ ግን ሁለቱን አያይዤ ነው የምመለከታቸው፤ ምክንያቱንም ወደ በኋላ እገልጻለሁ።

ከመዋጮው እንጀምር። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 28 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ግዴታና ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል። ሀገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የሀገሪቱ ሕግ አካል ስለሆኑ፣ ይህ ድንጋጌ ርዕሰ መምህሩም ሊያከብረው የሚገባ ሕግ ነው። ኅብረተሰቡ ለአጥር፣ ለወንበር ወይም ለክፍል ጥገና በፈቃዱ ገንዘብና ጉልበት ማዋጣቱ የሚደገፍ ነው፤ ያለዚያ መዋጮ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ግድግዳ አይቆምም ነበር። ነገር ግን መዋጮ ያልከፈለ አባት ልጁን እንዳያስመዘግብ መከልከል በፈቃድ የሚሰጠውን አስተዋጽኦ ወደ ትምህርት ክፍያ የሚለውጥ በመሆኑ፣ በእኔ አስተያየት የሕግ መሠረት የለውም። የ300 ብሩን ጉዳይ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ለብቻው መነጋገር ይቻላል፤ ከፈለጉም የቀን ጉልበት ላበርክት ይበሉ፤ ምዝገባው ግን ይህን መጠበቅ የለበትም።

የልደት ምስክር ወረቀትን በተመለከተ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ይሁን እንጂ ምዝገባው በተግባር የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑና በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎችም ብዙ እናቶች በቤታቸው የሚወልዱ በመሆኑ፣ ወረቀቱ የሌላቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም። ጊዜው አልፏል ተብሎ ምዝገባ አይቀርም፤ ዘግይቶም ይመዘገባል። ስለዚህ የልጅዎን የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ማስረጃ፣ እነዚህም ከሌሉ ልደቷን የሚያውቁ ሰዎችን ይዘው ወደ ቀበሌው የኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። እስከዚያው ግን ወረቀት የማሟላቱ ግዴታ የወላጅ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በልጅቱ ላይ ሊወድቅ አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሁሉ በቅድሚያ የሕፃኑን ደኅንነት እንዲያስቀድም ያዝዛል፤ ልጅቱን በቀበሌ ደብዳቤ መዝግቦ ምስክር ወረቀቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲቀርብ ማድረግም ይህን ድንጋጌ ማክበር ነው። «ዕድሜዋ አልፏል» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አልቀበለውም። ልጆች 1ኛ ክፍል የሚገቡት በ7 ዓመታቸው መሆኑ ከዚያ በፊት መግባት እንደሌለባቸው የሚያሳይ እንጂ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶባት ሁለት ዓመት የባከነባትን ልጅ ከደጅ ለመመለስ የተቀመጠ ወሰን አይደለም።

አሁን በቃል የተነገረዎትን እምቢታ በጽሑፍ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። የምዝገባ ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን ለርዕሰ መምህሩ ይስጡ፤ በሁለተኛው ላይ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያስደርጉ። አልቀበልም ካለዎት ሁለት ሰው ባለበት ማመልከቻውን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ቅጂውን የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች በአንድነት ለሚከታተለው የጉድኝት ሱፐርቫይዘርና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ጉዳይ ከወረዳው አያልፍም። ካለፈ ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ለአቤቱታውም ገንዘብ አይጠየቁም።

ምዝገባውና ጉድጓዱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ፣ በተለምዶ ስኩል ግራንት የሚባለው፣ የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው። በመዝገቡ ላይ ስሟ የሌለ ልጅ በበጀቱም ላይ የለችም። ስልሳ ተማሪ ብቻ ላለው ትምህርት ቤት በመዋጮ ምክንያት የተመለሱ አምስትና ስድስት ልጆች ማለት ጉድጓዱን በጣውላ ወይም በቆርቆሮ መክደኛ የሚሆን ገንዘብ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህንን ለርዕሰ መምህሩ በግልጽ ይንገሩት፤ እርሱንም የሚጠቅም ነገር ነውና ይሰማዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ልጅዎ ጉዳት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኪሣራውን እንዲክስ ይደነግጋል። ጥፋት ደግሞ በማድረግ ብቻ ሳይሆን ማድረግ የሚገባውን ባለማድረግም ይፈጸማል። ሕፃናት በዕረፍት ሰዓት በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ ውኃ ያቆረ ጥልቅ ጉድጓድ በሁለት አጣናና በደንገል ሸፍኖ መተው ከተራ ቸልተኝነት ያለፈ ነው፤ እንዲያውም ደንገሉ መሬት መስሎ ስለሚታይ ጉድጓዱ ሜዳ ላይ በግልጽ ቢታይ ኖሮ ከሚያስከትለው የከፋ አደጋ ፈጥሯል። «እኔ አልቆፈርኩትም» የሚለው መልስ ርዕሰ መምህሩን ነጻ አያወጣውም፤ ጥያቄው ማን ቆፈረው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ አደጋውን እያወቀ ልጆቹን እንዳይቀርቡት ማድረግ የነበረበት ማን ነው የሚለው ነው። «የመንግሥት ነው» ማለቱም እርስዎን የሚጎዳ አይደለም። የዚሁ ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት በሆነ ጊዜ ግን ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ ሠራተኛው በቅን ልቡና በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ አምኖ የፈጸመው ጥፋት በቁጥር 2127 የሥራ ጥፋት ተብሎ ይታያል። በእርስዎ ጉዳይ መጸዳጃ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ተብሎ የተጀመረ ሥራ ስለሆነ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። በመሆኑም ክሱ በርዕሰ መምህሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱን በሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል ላይ እንዲቀርብ እመክራለሁ። እርስዎና ባለቤትዎ የልጁ ሞግዚትና አሳዳሪ እንደመሆናችሁ በእርሱ ስም መክሰስ ትችላላችሁ።

በደብዳቤዎ ጫፍ ላይ ልጁን መጀመሪያ ወደ ወጌሻ ወስደውት፣ እብጠቱ ሲብስ በአራተኛው ቀን ባሕር ዳር ሆስፒታል እንዳደረሱት ጽፈውልኛል። ይህን ከጠበቃዎ እንዳይደብቁ አደራ እላለሁ። ተከሳሹ ወገን «ጉዳቱን ያባባሰው የወጌሻው መታሸት ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ፍርድ ቤቱም ከተቀበለው ካሣውን ሊቀንስ ይችላል እንጂ፣ ስብራቱን ያስከተለውን ጥፋት አይፍቀውም። ስለዚህ የሆስፒታሉን የሕክምና ማስረጃ፣ የራጅ ውጤቱን፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ የመድኃኒት ደረሰኞችን፣ የመጓጓዣ ወጪውንም ሳይቀር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ። የክንዱ እንቅስቃሴ እስካሁን ካልተመለሰ ሐኪሙ ወደፊት የሚኖረውን ጉዳት በመቶኛ ገልጾ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ የካሣው ትልቁ ክፍል በዚህ ላይ የሚቆም ነው። ለደረሰበት ሥቃይና ድንጋጤ የሚሰጠው የሞራል ካሣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከስድሳ ዓመታት በላይ ሳይነካ የቆየ መጠን በመሆኑ ለአንድ ሕፃን ሥቃይ ተመጣጣኝ ነው ብዬ ለመናገር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ሆኖም ሕጉ እስካልተሻሻለ ድረስ ክስዎ በወጪና በአካል ጉዳት ማስረጃ ላይ መመሥረት አለበት።

ከሁሉ በላይ ጊዜውን ያስቡ። በቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ሽምግልናውም፣ የወረዳው የ«ነገ ና» ቀጠሮም ይህን ጊዜ ያቆምልኛል ብለው አይተማመኑ። እውነተኛ ጉዳት ይዘው ይርጋው፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ፣ ካለፈ በኋላ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ወላጆችን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ድሃ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚገኘው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከልም ማመልከቻ በማዘጋጀት ሊረዳዎ ይችላል።

ባሕሩን በታንኳ ስለሚሻገሩት ልጆች የምሰጠው መልስ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ በመጀመሪያ የወላጅ ኃላፊነት መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በጣና ዳር ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይታወካል። ትምህርት ቤቱ ይህን እያወቀ ወላጅና ታንከኛ ሳያሳውቅ የመልቀቂያ ሰዓት ከቀየረ ወይም ማዕበል እየታየ ሕፃናቱን ያለ ትልቅ ሰው ወደ ዳርቻው ከላከ፣ በዚያ ለሚደርሰው ጉዳት ድርሻ እንዳለው መከራከር ይቻላል። ግርፋቱን በተመለከተ ግን ክርክር እንኳ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል፤ ይልቁንም ነፋስ ያዘገየውን ልጅ መግረፍ በማግሥቱ በማዕበል ውስጥ እንዲቀዝፍ ማስገደድ ነው። መምህራኑና ወላጆች ተቀምጠው ነፋስ ባለበት ቀን መዘግየት እንዳይቆጠር፣ ከማዶ የሚመጡትም በስም ተጠርተው አብረው እንዲሸኙ ቢስማሙ ይህ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ነገር ነው።

የጎረቤቶችዎን ስጋት አላቃልለውም። ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን ከሌላ ጋር የማዋሃድ ሐሳብ ሲነሣ የተማሪ ቁጥር እንደሚጠቀስ አውቃለሁ። ሆኖም የካሣ ክስ ትምህርት ቤት ለመዝጋት ሕጋዊ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ፣ የቀበሌው ነዋሪ ሳይሰማ ውሳኔ እንዳይሰጥ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስለ ጉድጓዱ የምታቀርቡትን ማመልከቻ ከእርስዎ ጋር ሌሎች ወላጆችም ቢፈርሙበት፣ አንድ ሰው በትምህርት ቤቱ ላይ የተነሣ መስሎ አይታይም።

ያም ሆኖ ጉድጓዱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሊጠብቅ አይገባም። ደብዳቤውን ለወረዳው ሲያስገቡ በሳምንት ውስጥ እንዲከደን ወይም እንዲታጠር ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ከዘገየ በሰንበት ከጎረቤቶችዎ ጋር ወጥታችሁ በአጣናና በእሾህ እጠሩት። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ጉድጓዱን፣ የተጋደሙትን አጣናዎችና ከመጫወቻው ሜዳ ያለውን ርቀት ቀኑ በሚታይበት ስልክ ከሁለት ሦስት አቅጣጫ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ጥልቀቱን ለክታችሁ ሦስት ሰዎች ፈርማችሁ ያዙ። ከታጠረ በኋላ ዳኛው የሚያየው ያንን ወረቀትና ፎቶግራፍ ብቻ ነው።