ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም የማይጠፋ ጉምጉምታ

ጥያቄ፦ በፌንደር ቻምፕ 5ኤፍ1 ንድፍ መሠረት አንድ 12ኤኤክስ7 (ሲግናሉን መጀመሪያ የሚያጎላ)፣ አንድ 6ቪ6 (ስፒከሩን የሚነዳ) እና አንድ 5ዋይ3 (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጥ) ቲዩብ ያለው አነስተኛ የጊታር አምፕሊፋየር በቤቴ ሠርቻለሁ። ድምፁ ያምራል፤ ነገር ግን ጊታር ባይሰካበትም፣ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ቢሆንም ያለማቋረጥ ያጉመጉማል። የመጀመሪያውን 16 ማይክሮፋራድ የማጣሪያ ካፓሲተር አውጥቼ 100 ብተካበትም ለውጥ አላመጣም። ጓደኛዬ የመሬት ሽቦውን እንድነቅለው መክሮኛል። ልንቀለው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የመሬት ሽቦውን በፍጹም አይንቀሉ። የጊታርዎ ክሮች በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል (ከሻሲው) ጋር የተገናኙ ስለሆኑ፣ አንድ ቀን 220 ቮልቱ አምልጦ ሻሲውን ቢነካ ፊውዙን የሚያቃጥለው ያ ሽቦ ነው፤ እሱ ከሌለ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በእጅዎ ነው። ጉምጉምታው ቢጠፋ እንኳ ይህ መፍትሔ አይባልም።

100 ማይክሮፋራዱንም መልሰው ያውጡት። 5ዋይ3 ከ20 ማይክሮፋራድ ብዙ የሚበልጥ ካፓሲተር ሲሞላ የሚፈሰውን ከረንት አይችልም። ማጣሪያውን ማጠናከር ከፈለጉ ከ10 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር በኋላ ያለውን 8 ማይክሮፋራድ ወደ 22 ያሳድጉት፤ ስክሪን የተባለው የ6ቪ6 ውስጣዊ ክፍል የሚመገበው ከዚያ ስለሆነ ጥቅሙ የሚሰማው እዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ሌላ ዕቃ ከመቀየርዎ በፊት ጉምጉምታው ከየት እንደሚገባ ይለዩ። የጊታርዎን ወፍራም ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዘው ይምቱ፤ ድምፁ 98 ኸርዝ ነው። ጉምጉምታው ከዚህ ድምፅ ጋር የሚገጥም ከሆነ 100 ኸርዝ ነውና ምንጩ ማጣሪያው ወይም የግራውንዱ (የሰርኪዩቱ የጋራ ዜሮ መስመር) አሠራር ነው፤ ከእሱ በአንድ ኦክታቭ ከወረደ ግን በቀጥታ ከመብራት የመጣ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚገባው ቲዩቡን በሚያሞቀው ሽቦ (በፊላመንቱ) በኩል ነው። ትንሽ ስፒከር 50 ኸርዝን አጉልቶ ስለማያሰማ በጆሮ ብቻ አይወስኑ። አጥፍተው ሲቀዘቅዝ 12ኤኤክስ7ን ይንቀሉና እንደገና ያብሩ፤ ጉምጉምታው ከጠፋ ችግሩ በዚያ ቲዩብና በዙሪያው ነው፣ ካልጠፋ ግን ከ12ኤኤክስ7 በኋላ፣ ከ6ቪ6 ጀምሮ ባለው ክፍል ነው።

በዚህ ንድፍ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሲሆን የሁለተኛው የማጉያ ደረጃ ግሪድ (ሲግናሉ ወደ ቲዩቡ የሚገባበት) ከግራውንድ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ብዙዎች ቀድመው የሚጠረጥሩት የጊታር መሰኪያና የመግቢያው ሽቦ ከጥርጣሬ ይወጣሉ። 50 ኸርዝ ሆኖ ከ12ኤኤክስ7 ጋር አብሮ የሚጠፋ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ከፊላመንቱ ወደ ካቶዱ (ኤሌክትሮን ወደሚያመነጨው የቲዩቡ ክፍል) ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ቲዩብን ነው፤ በሌላ 12ኤኤክስ7 ይሞክሩት። ካልተሻለ የ6.3 ቮልቱን ሁለት ጫፎች በሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተሮች አገናኝተው መካከላቸውን ከግራውንድ ይልቅ በ6ቪ6 ካቶድ ላይ ይበይዱት፤ እዚያ ያለው ወደ 20 ቮልት የሚጠጋ ዲሲ ፊላመንቱን ከካቶዱ በላይ ስለሚያደርገው መፍሰሱ ይቀንሳል። ይህን ሲያደርጉ ቀድሞ ከሻሲው ጋር የተበየደውን የፊላመንት ጫፍ ወይም የመካከል ሽቦ ማላቀቅዎን አይርሱ።

100 ኸርዝ ከሆነ ደግሞ የትራንስፎርመሩ የከፍተኛ ቮልት መካከለኛ ሽቦ የት እንደተበየደ ይመልከቱ። ካፓሲተሩን የሚሞላው ከረንት በእሱ በኩል ይመላለሳል፤ መንገዱን ከ12ኤኤክስ7 የካቶድ ሬዚስተሮች ጋር ከተጋራ በእያንዳንዱ ምት ያጉመጉማል። ሽቦውን በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ካፓሲተር ነጌቲቭ ይውሰዱት፤ ወደ ሻሲው የሚሄደው ከዚያ የሚነሳ አንድ ሽቦ ይሁን።

ቲዩቡ ተነቅሎም የሚቀጥል ጉምጉምታ ሲሆን የሁለቱን ትራንስፎርመሮች አቀማመጥ ይፈትሹ፤ አንዱ ለሌላው ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ መቀመጥ አለበት። ሆኖም አንድ 6ቪ6 ብቻ ያለው አምፕሊፋየር ሁለት ቲዩቦች ተቃራኒ ሆነው እንደሚሠሩበት ዓይነት የማጣሪያውን ቅሪት በራሱ አያጠፋም፤ ጆሮን ስፒከሩ ላይ አስጠግቶ ብቻ የሚሰማ ጥቂት ድምፅ ቢቀር ጉድለት አይደለም።

ሻሲውን ሲከፍቱ አምፕሊፋየሩ ከጠፋም በኋላ ካፓሲተሮቹ ከ300 ቮልት በላይ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ በ10 ኪሎ ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ወደ ሻሲው አራግፈው፣ ቮልቱ ዜሮ መሆኑን በቴስተር ሳያረጋግጡ እጅዎን አያስገቡ።