ስለ ትምህርት ቤት ስፖርት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ (ከደሴ)

ሰላም ወሎዬዎች። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ስፖርት አስተምራለሁ፣ የክፍል ለክፍል ውድድሩንም የት/ቤቱን ቡድኖችም የምይዘው እኔው ነኝ። ተማሪም ወላጅም መምህርም ጠይቁ፣ ተራ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር እኛ ጋ የስፖርት ፔሬድ ሁሌ ለማትስ ቱቶሪያል ነው የሚሰጠው፣ ልክ ነው?

ልክ አይደለም፣ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ስፖርት የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የለም፣ 2015 ላይ ደሞ ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል ወላጁም ዳይሬክተሩም ደነገጠ፣ ከዛ በኋላ ያገኙትን ትርፍ ሰዓት ሁሉ ለፈተና ማድረግ የሚፈልግ በዛ። ታጭቆ በተቀመጠበት ክፍል ሙሉ ፈረቃውን ከዴስክ ያልተነሳ ልጅ ግን መጨረሻ ላይ ማትስ ብትሰጡት አይሰማችሁም። ቱቶሪያሉን ቅዳሜ አድርጉትና ያቺን ፔሬድ ተዉለት በሏቸው።

ጥያቄ፦ ሜዳችን ጠባብ ነው ጠጠር ነው፣ ኳስም አንድ ነው ያለን። ምን ማሰራት ይቻላል? (የስፖርት መምህር ነኝ፣ ሐይቅ አካባቢ)

ወንድሜ የኔም ችግር ይሄው ስለሆነ በደንብ ልመልስልህ። መጀመሪያ እግር ኳሱን ከመሃል አንሳው። ሃያ ሁለት ልጅ ሜዳውን ሙሉ ይይዝና ሌላው ክፍል ሙሉ ዳር ቆሞ ያያል፣ ሴቶቹ ደሞ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፣ እሱን ስፖርት አስተማርኩ ማለት ይከብደኛል። ቮሊቦል 18 በ9 ሜትር ነው የሚፈልገው፣ ዙሪያውን ሶስት ሶስት ሜትር ብትተውለት 24 በ15 ይበቃሃል፣ መረብ ከሌለ ገመድ ወጥር፣ ለወንድ 2.43 ለሴት 2.24 ከፍታ ነው፣ ለጀማሪ ዝቅ አድርገው ማንም አይቆጣህም። ከዛ ቀጥሎ አሎሎ። ከ18 ዓመት በታች ለሴት 3 ኪሎ ለወንድ 5 ኪሎ ነው፣ ክብ ድንጋይ ፈልግና ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝነው፣ ብቻ ወርዋሪ እየወረወረ ፊት ለፊት ማንም እንዳይሻገር አደራ፣ ድንጋዩን የሚሰበስቡትም ሁሉም ወርውሮ ሲጨርስ በፊሽካ ነው። የዱላ ቅብብል ደሞ ብትር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ክፍሉን በአራት በአራት ከፍለህ ብታሮጥ አንድም ልጅ ቆሞ አይቀርም። ጠጠሩን እንኳን ከክረምት በኋላ አንድ ቀን ተማሪውን አሰልፈህ አስለቅም፣ የወላጅ መምህር ህብረቱን አንድ ሁለት መኪና አፈር ለምን። የ2014ቱ ጦርነት እቃቸውን ጠራርጎ የወሰደባቸው ት/ቤቶች ከዜሮ ነው የጀመሩት፣ እቃው እስኪመጣ ብለን ብንቀመጥ ልጆቹ ተመርቀው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ወልድያ ያን የሚያክል ስታዲየም እያለ ችግሩ የሜዳ ነው ትላላችሁ?

አዎ እላለሁ። ጥር 2009 የተመረቀው ስታዲየም 25 ሺ ገደማ ሰው ይይዛል፣ መሮጫ ትራክም አለው፣ ኮራሁበት። ግን የ9ኛ ክፍል ልጅ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሚሮጥበት ግቢው ውስጥ ያለው ሜዳ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነን፣ ደሴ ለውድድር ስንወጣ ትንፋሽ ያጥረናል፣ ቀድመን ብናድር ይለቀናል?

አንድ ሌሊት ምንም አይለውጥም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ 2,500 ገደማ ሆነ ማለት ነው። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው ነው ግፊቱ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ያንሳል፣ ደማችሁ እሱን እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። 100 እና 200 የሚሮጡት አይጨነቁ፣ 1500ና 3000 የሚሮጡት የመጀመሪያውን ዙር ኮምቦልቻ ከለመዱት ቀስ ብለው ይጀምሩ። የኛዎቹ ደሞ በተቃራኒው ፈጣን ልምምዳቸውን አንዳንዴ ቆላ ወርደው ቢሰሩ ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ ረመዳን ላይ ልምምድ ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ይቀጥል፣ ሰዓቱ ግን ይቀየር። የካቲት 2017 ላይ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ልዩነት ስለገቡ ቡድኑ በሙሉ ማለት ይቻላል ፆመኛ ነበር። ከባዱን ሩጫ ትቼ ቀለል ያለውን ወደ መግሪብ አስጠግቼ ነው የማሰራው፣ ልጁ ከሜዳ ሲወጣ ውሃውና ቴምሩ ጋ ይደርሳል። ቀን በፀሀይ የሚያስሮጥ አሰልጣኝ ካለ ተዉ በሉት። ሁዳዴ የሚፆሙት ችግራቸው አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ነው፣ ሽሮ ምስር ባቄላ በቂ ነገር አለው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ትንሽ ቀምሶ የሚመጣ ልጅ ጉልበት ከየት ያመጣል፣ እናቶች እባካችሁ ጨምሩላቸው።

ጥያቄ፦ ቲቸር ሂጃብ ነው የምለብሰው ባስኬት መጫወት እፈልጋለሁ፣ ዳኛ ያስወጣኛል ብዬ ፈራሁ

አብሽሪ እህቴ። በፈረንጅ አቆጣጠር የእግር ኳሱ ፊፋ 2014 ላይ፣ የባስኬቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ፊባ ደሞ 2017 ላይ ፈቅደዋል። የሚለጠጥ ጨርቅ ይሁን፣ መርፌ ብቻ አታድርጊበት አንቺንም ሌላዋንም ይወጋል። ሰኞ ሜዳ ነይ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኳስ ይችላል፣ አንድ ሰውዬ ገንዘብ ከፍላችሁ እድሜውን ቀንሰን አካዳሚ እናስገባው አለን

አይክፈሉ ጋሼ። አዲስ አበባ ያለው የወጣቶች ስፖርት አካዳሚም አሰላ ያለው የጥሩነሽ ዲባባ ማሰልጠኛም ልጅ የሚወስዱት በምልመላ ነው። እድሜ መቀነስ ደሞ ልጁን ነው የሚጎዳው፣ ፊፋ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል፣ የአጥንቱ ማደጊያ ተዘግቶ እድገቱን ከጨረሰ ወረቀቱ አያድነውም። ትምህርቱን እየተማረ ይጫወት።

ጥያቄ፦ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ አብጧል፣ ወጌሻ ጋ ልሂድ?

ዛሬና ነገ በፍጹም አትታሽ፣ ትኩስ ጉዳት ሲታሽ ውስጥ ያለው መድማት ይብሳል። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልለህ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ደቂቃ አድርግ፣ በፋሻ ጠበቅ፣ እግርህን ትራስ ላይ ሰቅለህ ተኛ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተህ ወይ የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ከኋላ በኩል ስትጫነው በጣም ካመመህ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደህ ራጅ ተነሳ፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለብን ብለህ እንዳትደብቀኝ።