የተጋጨ ቦክሰር በግማሽ ዋጋ፦ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

አንድ የአራት ኪሎ ልጅ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አንድ ባጃጅ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል አግኝቻለሁ። ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ሻጩ የፊት ሾኮቹን (ጎማውን የያዙትን ሁለት እግሮች) በአዲስ ቀይሮ፣ መብራትና ፍሬቻ ገጥሞለት፣ በደህናው ግማሽ ዋጋ እየሸጠው ነው። ሰፈር ውስጥ ትንሽ ነዳሁት። ኢንጅኑ ቆንጆ ነው። ብቻ መሪው በጣም ቀለለኝ፤ ቀጥ ብዬ ስሄድም ትንሽ ይዋልላል። ሻጩ ኩሽኔታው (መሪው የሚዞርበት የብረት ኳስ) ነው፣ ይጠበቃል አለኝ። የፊት ጎማውም ወደ ኢንጅኑ የተጠጋ መሰለኝ። ዕቃ ላደርስበት ነው የምፈልገው። ገዝቼ ላሠራው?»

ወንድሜ፣ ጥርጣሬዬን አስቀድሜ ልንገርህ። የሻንሲው (የሞተሩ ዋና የብረት አጥንት) አንገት ወደ ኋላ ሄዷል። አንገት የምለው መሪው የሚዞርበትን፣ ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) ፊት ያለውን ወፍራም ቱቦ ነው። ሞተሩን በዓይኔ አላየሁትም፤ የነገርከኝ ምልክት ግን ሁሉም ወደዚያው ይጠቁማል። ሾኮቹ አዲስ ናቸው ብለሃል። አዲስ ሾክ ቀጥ ያለ ነው። ሾኩ ቀጥ ብሎም ጎማው አሁንም ወደ ኢንጅኑ ከተጠጋ፣ የታጠፈው ሾኩ ሳይሆን ሾኩን የያዘው ነገር ነው። ያ ደግሞ ወይ ሾኮቹን ላይና ታች የሚያቅፋቸው ብረት ነው፣ ወይ አንገቱ። የመሪው መቅለል ወደ አንገቱ እንዳደላ አድርጎኛል።

ስለዚህ እስኪረጋገጥ ድረስ ሁለተኛ አትንዳው። ሻጩ «አንድ ዙር ብቻ ሞክረው» ቢልህም አትውጣበት።

መቅለሉ ለምን እንዳስደነገጠኝ ላስረዳህ። ይህን ነገር ለተለማማጆቼ ሁሉ እያስረዳሁ አይሰለቸኝም። መሪህ የሚዞርበት ዘንግ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ላዩ ወደ አንተ፣ ታቹ ወደ ፊት ያጋደለ ነው። በዘንጉ አቅጣጫ መስመር አስምረህ እስከ አስፋልቱ ብታወርደው፣ መስመሩ የሚያርፈው ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ ነው። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ልዩነቱ የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ነው። ጎማው ሁልጊዜ ከመሪው መስመር ኋላ ኋላ እየተጎተተ ይከተላል ማለት ነው። የሱፐርማርኬት ጋሪ ስትገፋ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ራሳቸው ዞረው ወደ ኋላ ሲሰለፉ አይተህ ይሆናል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሞተርህ ጉድጓድ ሲመታ መሪው ወደ ጎን ይሸሻል፤ አስፋልቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ መሪው ወደ ቦታው ይመለሳል። አንተ ምንም አላደረግክም።

አሁን አንገቱ በግጭት ወደ ኋላ ተገፋ እንበል። ያጋደለው ዘንግ ቀና ይላል። ዘንጉ ቀና ባለ ቁጥር ያ የመዳፍ ርቀት ያጥራል። መሪው ይቀልላል፤ የሚመልሰው ኃይል ግን አብሮ ይቀንሳል። ሰፈር ውስጥ በቀስታ ስትነዳ ትንሽ መዋለል ብቻ ነው የሚታይህ። ፍጥነት ስትጨምር ግን መሪው ግራና ቀኝ መማታት ሊጀምር ይችላል። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ የፊት ሾኩ ይጨመቃል፣ ፊቱ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይብስ ቀና ይላል፣ ያጠረው ርቀት ጭራሽ ያጥራል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርድ አስበው። ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን ይዘሃል፣ ከኋላህ ሳጥን ሙሉ ዕቃ አለ። መሪህ የሚከዳህ እዚያ ነው። የታጠፈው የሾኩ እግር ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተቃራኒው ነበር፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲቀር ርቀቱ ይረዝማል፣ መሪው ይከብዳል። አንተ ግን ያልከው «ቀለለኝ» ነው።

የሻጩ የኩሽኔታ ወሬ አያሳምነኝም። የመሪ ኩሽኔታ ሲላላ ፍሬን ስትይዝ «ቋ» ይላል፣ እጅህ ላይም ይሰማሃል። ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ፊቱን ከመሬት አንስተህ መሪውን በቀስታ ስታዞር መሃል ላይ ያዝ ያደርጋል። ሁለቱም በቀላል ወጪ ይስተካከላሉ። ኩሽኔታ ግን ጎማን ወደ ኢንጅን አያስጠጋም።

እንግዲህ እንዲህ አድርገህ አጣራ። ሰልባትዮውን እንድታወርድ እንዲፈቅድልህ ሻጩን ጠይቀው። እምቢ ካለ ጨርሰሃል፤ ሂድ። ከፈቀደ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ፣ ቱቦውን ንቀል፣ ወንበሩን አንሳ፣ ሰልባትዮውን አውርድ። አጠገብህ ሲጋራ የሚያጨስ አይኑር። ከዚያ በቲነር የራሰ ጨርቅ ይዘህ አንገቱና ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ የሚገናኙበትን ቦታ ጥረገው። የፋብሪካ ቀለም በቲነር በቀላሉ አይለቅም፤ ትናንት በብሩሽ የተቀባ ግን ጨርቅህ ላይ ይቀራል። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየህ፣ ወይም ቱቦው ከሥር በኩል ትንሽ ከተጨማደደ፣ ብረቱ ታጥፏል። ማግኔት አስጠጋ፤ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልስን) ነው። ብየዳውንም እየው። የፋብሪካው እኩል ተደርድሮ ነው የሚሄደው። የሰፈር ብየዳ እብጠትና ቀዳዳ አለው፣ ዙሪያውም በግራይንደር ተፍቋል።

ቀጥሎ ለካ። ያልተጋጨ ቦክሰር 150 ያለው ጓደኛ አታጣም፤ ይዘኸው ሂድና ሁለቱን ጎን ለጎን በመሃል መቆሚያቸው አቁማቸው። ከአንገቱ ታችኛ ጫፍ እስከ ኋላ ሹካው (የኋላ ጎማውን የያዘው ብረት) ትልቁ ብሎን ድረስ በሜትር ለካ፣ በግራም በቀኝም። እስከ ኋላ ጎማ ዘንግ አትለካ፤ እሱ ካቴና ሲወጠር ቦታውን ስለሚቀይር ያሳስትሃል። የተጋጨው በትንሹም ቢሆን ካጠረ፣ ለእኔ ነገሩ አልቋል። ጎን ለጎኑ እኩል ካልሆነ ደግሞ አንገቱ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ተጣምሟል።

ሦስተኛው የሲባጎ ፈተና ነው። በኋላ ጎማው ዙሪያ ሲባጎ አስረህ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት ወጥረው። የፊት ጎማው ቀጭን ስለሆነ በግራም በቀኝም እኩል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። እዚህ ላይ ግን አትደንግጥ፤ መሪው ቀጥ ብሎ ጎማው ወደ ጎን የሚያይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሾኮቹ በያዣቸው ውስጥ ተጠማዘው ነው። ብሎኖቹን አላልተህ፣ ጎማውን በጉልበትህ ይዘህ መሪውን መለስ ማድረግ ነው። የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የሚያስወጣው።

ስለ «አዲሶቹ» ሾኮችም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ርካሹ ሾክ ክሮሙ ስስ ነው። ክረምት ሲገባ ዝገት ነጥብ ነጥብ ያወጣል፣ ያ ዝገት ጎሚኒውን (ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ) ይበላዋል፣ ከዚያ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። አንዳንዱ ሻጭ ጭራሽ አንዱን እግር ብቻ ይቀይራል። ሁለቱን እግሮች አስተያይ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጥ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወይም አንዱ ሲጫን ከሌላው የሚለሰልስ ከሆነ፣ ሁለቱንም ደህና ዕቃ ገዝቶ መቀየርን ከወጪህ ውስጥ አስገባ።

ሻጩ «ችግር የለም፣ አንገቱ በኦክስጅን ሞቆ ይቃናል» ይልህ ይሆናል። ይህን ሥራ አይቼዋለሁ። ሻንሲውን ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ያስሩታል፣ ቱቦው እስኪቀላ ያሞቁታል፣ በክሪክ ይገፉታል፣ ከላዩ ብረት ይለጥፉበታል፣ ጥቁር ቀለም ይቀቡታል። ሲያዩት ያምራል። ስስ ቱቦ ግን ታጥፎ ሲቃና ይደክማል። የሚሰነጠቀውም ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ነው፣ ያውም ጭነት ይዘህ ጉድጓድ ሲመታህ። አንገቱ የተበየደ ሞተር ላይ አትውጣ፤ ሌላውንም አታሳፍርበት።

አንገቱ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የሻንሲ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚመታው እዚያው ነው። የተሞቀና የተፋቀ አንገት ቁጥሩ ይደበዝዛል፤ ስም ሲዞርና ቦሎ ሲወጣ የሚታየው ደግሞ እሱ ነው። ወረቀት ለጥፈህ በእርሳስ አሸው፤ የወጣውን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ሞተሩ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑንም አጣራ። በግጭቱ ሰው ተጎድቶ ከሆነ ክሱ ገና ላያልቅ ይችላል።

ኢንጅኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ከፊት የሚታሰርበት ጆሮ እንዳልተሰነጠቀ እይ፣ ዘይቱን ለካ፣ ቀዝቅዞ እያለ አስነሳው። የተጣመመ ቸርኬ ይቀየራል። ሰልባትዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ብቻ ነው።

ውሳኔው እንግዲህ አንገቱ ነው። ልኩ ከደህናው ጋር ከገጠመ፣ ቀለሙም የፋብሪካ ከሆነ፣ ጥፋቱ ሾኮቹን የሚያቅፈው ብረት ላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በብሎን ይፈታል፣ ይቀየራል። የእሱን፣ የሾኩን፣ የኩሽኔታውንና የእጅ ዋጋውን ደምረህ ከዋጋው አስቀንስና ግዛው። አንገቱ ከሄደ ግን በሩብ ዋጋም ቢሰጥህ ለመንዳት አትግዛው። ሰልባትዮው ወርዶ ሳታይም ቀብድ አትስጥ፤ «ሌላ ገዢ አለ» ካለህ ይሂድለት። ከገዛኸውም ወደ ጋራዥ በፒክአፕ ጭነህ ውሰደው እንጂ ነድተህ አይሁን።