ሰፈራችን ደህና ነው ወይ? ጥያቄና መልስ

ለዓመታት እንጀራዬ የወንጀል መረጃ መተንተን ነበር። ዛሬ ስለ ሰፈር ፀጥታ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። አደራ፣ «ሰፈሩ ደህና ነው?» ብላችሁ ብቻ እንዳትጠይቁኝ። የትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ወንጀል? ይህን ጨምሩልኝ።

ቤት ፈላጊ፦ ጋሼ፣ ሁለት ሰፈር እያማረጥኩ ነው። አንደኛው መሀል ከተማ ነው፤ የወንጀል መጠኑ የሌላኛውን ሦስት እጥፍ ነው ይላሉ። ልተወው?

መልስ፦ አትቸኩል። የወንጀል መጠን ማለት ማካፈል ነው። የተመዘገበው ወንጀል ለነዋሪው ብዛት ይካፈልና በ100,000 ሰው ተብሎ ይነገራል። መሀል ከተማ ግን የሚያድረው ጥቂት፣ የሚውለው ብዙ ነው። 5,000 ሰው የሚያድርበት፣ 50,000 ሰው የሚውልበት ሰፈር አስብ። በዓመት 500 ስርቆት ቢመዘገብ፣ ለነዋሪው ስታካፍለው በ100,000 ሰው 10,000 ይመጣል። ለሚውለው ሰው ብታካፍለው 1,000 ነው። ስርቆቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አካፋዩ ነው። ኪስ አውላቂው ደግሞ የሚሠራው አላፊ አግዳሚው ላይ እንጂ አንተ የምትተኛበት ቤት ላይ አይደለም። ስለዚህ የቤት ሰበራውን ቁጥር ለብቻው ጠይቅ፤ እሱንም ለቤቶቹ ብዛት አካፍለው።

የሁለት ልጆች እናት፦ አዲስ ሰፈር ገብተናል። ደህና ነው ይላሉ?

መልስ፦ የት? መቼ? ምን? ከላይ ጽፌዋለሁ።

የማታ ተረኛ፦ ከሥራ የምወጣው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። ከፌርማታው እስከ ቤቴ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ ሣር በወረሰው ባዶ ቦታ በኩል ያልፋል፤ ረጅሙ ቤቶች በተደረደሩበት ነው። ሰፈሩ ስሙ ጥሩ ነው። በየትኛው ልሂድ?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! እህቴ፣ የሰፈሩን ስም እርሺው። ወንጀል ሰፈር ውስጥ እኩል ተበትኖ አይኖርም፤ ጥቂት ቦታ ላይ ይከማቻል። የወንጀል ተመራማሪው ሎውረንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ለፖሊስ ከተደወለው ጥሪ ግማሹ የመጣው ከ3 በመቶ አድራሻዎች ነበር። ሌላው ተመራማሪ ዴቪድ ዋይዝበርድም እ.ኤ.አ. በ2015 ትልልቅ ከተሞችን አይቶ፣ ግማሹ ወንጀል ከ4 እስከ 6 በመቶ በሚሆኑ የጎዳና ክፍሎች (በሁለት መገናኛ መካከል ባሉ የመንገድ ቁራጮች) ላይ ታጭቆ አገኘው። «መጥፎ» የተባለ ሰፈር ውስጥ አብዛኛው መንገድ ሰላም ነው። «ጥሩ» የተባለውም አንድ የተበላሸ ጥግ አያጣም።

ያንን ጥግ የሚያበላሸው ምንድን ነው? ተመራማሪዎቹ ኮኸንና ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስቀመጡት ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት፦ መስረቅ የፈለገ ሰው፣ የሚሰረቅ ነገር፣ የሚያይ ሰው አለመኖር። ባዶ ቦታሽ ሦስተኛውን በነፃ ይሰጣል። በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን አጽድተው፣ ሣር ተክለው፣ አጭር አጥር አጠሩላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት መሠረት፣ በጣም ድሃ በሆኑት ሰፈሮች የተኩስ ጥቃት በ29 በመቶ ቀንሷል።

በረጅሙ ሂጂ። ግን እሱንም በምታልፊበት ሰዓት እዪው። መስኮቶቹ ወደ መንገዱ ያያሉ? ወይስ ሁሉም ከረጅም ግንብ ጀርባ ናቸው? ከፊት የሚመጣውን ሰው ፊት ከሩቅ ትለዪዋለሽ? ብትፈሪ የምትወጪበት መታጠፊያ መሀል ላይ አለ?

ካሜራ ወዳድ፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ካሜራ መስቀል ነው!

ተጠራጣሪ፦ ካሜራው ሌባውን ቀርጾ ከማሳየት በቀር ምን ይሠራል? የእኛ ሰፈር ችግር ጥግ ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ናቸው።

ካሜራ ወዳድ፦ ጎረምሶቹ ምን አደረጉህ? ቆሙ እንጂ።

ተጠራጣሪ፦ አንተ እናትህን በዚያ በኩል ላካትና እናወራለን።

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። ካሜራን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የ40 ዓመት ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ወንጀልን በ13 በመቶ ያህል ቀንሷል። የተሻለ የሠራው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው፤ ድብድብና ጥቃት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ውጤት አልታየም። ጎረምሶቹን በተመለከተ፣ በተደጋጋሚ ጥናት እንደታየው በብዛት ፍርሃት የሚያድርባቸው ሴቶችና አዛውንቶች ናቸው፤ በመንገድ ላይ በብዛት የሚደበደቡት ግን ራሳቸው ወጣት ወንዶች ናቸው። ሌላ ጥያቄ።

የተዘረፈው፦ ባለፈው ሳምንት ቤታችን ተሰበረ። ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ሌባ አንድ ቤት ሁለቴ አይገባም» ይለኛል።

መልስ፦ ይገባል! ይህን ወሬ ማን እንዳመጣው እንጃ። አንዴ የተሰበረ ቤት እንደገና የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረው ይበልጣል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ሌባው መግቢያና መውጫውን አውቆታል። የተወሰደው ዕቃ በአዲስ እንደሚተካም ያውቃል። የጎረቤቶችህም አደጋ አብሮ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ፣ በሮችዴል ከተማ ባለው የኪርክሆልት ሰፈር፣ ኃይላቸውን የተሰበሩት ቤቶች ላይ ብቻ አዋሉ። ሌባ የሚስበውን፣ ሳንቲም የሚጎርሰውን የኃይል ቆጣሪ አነሱ፣ ቁልፍ አጠናከሩ፣ ዙሪያው ያሉት ጎረቤቶች ቤቱን በዓይናቸው እንዲጠብቁ አደረጉ። በሦስት ዓመት ውስጥ የቤት ሰበራው በ75 በመቶ ገደማ ወረደ። አንተም የገባበትን በር ወይም መስኮት ዛሬውኑ አሠራ። ጎረቤቶችህንም አታፍር፣ ንገራቸው።

ውሻ ያለው፦ ውሻ ይረዳል?

መልስ፦ ውሻ የእኔ ሙያ አይደለም።

ቁጥር አንባቢ፦ ዘንድሮ የተመዘገበው ወንጀል ጨምሯል። ሰፈሩ እየተበላሸ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሰው ፖሊስ ላይ እምነት ሲያድርበት ብዙ ያመለክታል፣ መዝገቡም ይወፍራል። ለዚህ ነው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973፣ እንግሊዝና ዌልስም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነዋሪውን «ምን ደረሰብህ?» እያሉ በቀጥታ የሚጠይቁት። ብዙው ወንጀል ፖሊስ ዘንድ እንደማይደርስ የታወቀው በዚህ ነው። ግድያ ለመደበቅ ስለሚከብድ ከተማን ከከተማ ለማወዳደር ይሻላል። ለአንድ ሰፈር ግን አይሆንም፤ ከ1 ወደ 2 ሲሄድ «በእጥፍ ጨመረ» ይሉሃል። የብዙ ዓመቱን ደምረህ እይ፤ የስንቱ መንገድ እንደሆነም ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ያለሁበት ሰፈር እንዴት ነው?

መልስ፦ የት? መቼ? ምን? አታድክሙኝ እንጂ።

የማታ ተረኛ፦ ጋሼ፣ በረጅሙ መንገድ መሀል ላይ ሁለት መብራት አይሠራም።

መልስ፦ እሱን አትናቂ። ኒው ዮርክ ውስጥ በዕጣ በተመረጡ የመንግሥት መኖሪያ ግቢዎች ጊዜያዊ መብራት ሲተከል፣ በሌሊት ደጅ ላይ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ያህል ቀንሷል። ምሰሶው ላይ ቁጥር ካለ ጻፊው፤ ከሌለ ከየትኛው ቤት ፊት ለፊት እንደሆነ መዝግቢ። በዚያ መንገድ የሚሄዱትን ሰብስበሽ አንድ ላይ አመልክቱ። እስኪሠራ ድረስ ግን መብራቱ ባለበት ወገን ተሻግረሽ ሂጂ።