ዝም ያለው የቆርቆሮ ባቡር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ የቆዩ የመጫወቻ ባቡሮች የመጡ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አንድ የጃፓን የቆርቆሮ ባቡር አግኝቻለሁ። ሆዱ ሥር «ሞደርን ቶይስ» ይላል። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ይወስዳል፤ አዲስ ባስገባበትም ትንፍሽ አይልም። የድንጋዩ ቤት ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ያሳየሁት ጠጋኝ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎኛል። ሌላ ሞተር ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ ቆይ፣ አይቸኩሉ። የእነዚህ ባቡሮች ሞተር እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከድንጋዩ እስከ ሞተሩ ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ሁልጊዜ ከድንጋዩ ይጀምርና ወደ ጎማው ይሂድ፤ ከሞተር የጀመረ ሰው ጤነኛ ሞተር ፈትቶ ያበላሻል።

ነጩ ነገር የፈሰሰ ድንጋይ ትራፊ ነው። የምን ድንጋይ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መድኃኒታቸው ይለያያል። የአልካላይን ድንጋይ ፈሳሽ አሲድ አይደለም፤ የአሲድ ተቃራኒ ነው፣ አቼቶ ወይም ሎሚ ያከሽፈዋል። የተራው፣ የዚንክ ካርቦኑ፣ ፈሳሽ ግን ራሱ አሲድነት አለው። አቼቶ ቢጨምሩበት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ለእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ስኒ ውሃ ይበጥብጡ። ካልለዩት አንዲት ጠብታ አቼቶ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ያስነኩት፤ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ብዙውን ጊዜ አልካላይን ነው። የቱንም ቢጠቀሙ በጥጥ አርጥበው ይጥረጉ እንጂ አያፍስሱ፤ ቀለም የታተመበት ቆርቆሮ ላይ ደግሞ በፍጹም አያስነኩ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ባረጠበ ጥጥ፣ በመጨረሻም በአልኮል አድርቁት። ጓንት ያድርጉ።

አሁን ድንጋዩን የሚነኩትን የናስ ላሜራዎችና ሞላውን ይዩ። የጠቆረ ከሆነ በእርሳስ ላጲስ ይሹት፤ ካልለቀቀ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት (600 ቁጥር ወይም ከዚያ የደቀቀ) ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ያስኪዱት። ድንጋዩን አስገብተው በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለኩ። ሁለት አዲስ ድንጋይ 3 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ማብሪያው በርቶ በሞተሩ ሁለት እግሮች ላይ ሲለኩት 2 ቮልት እንኳ ካልሞላ፣ ወይም ምንም ከሌለ፣ መንገዱ ላይ የሚበላው አለ ማለት ነው።

የሚበላውም በአብዛኛው ሪቬቱ (ጫፉ የተደፈጠጠው ማያያዣ ምስማር) ነው። በእነዚህ ባቡሮች ላሜራው ከቆርቆሮው ጋር የተያዘው በትንሽ ሪቬት ሲሆን፣ አንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ብዙ ጊዜ በራሱ በባቡሩ ገላ ያልፋል። በሪቬቱና በቆርቆሮው መካከል የምትገባ ዝገት ላይታይ ትችላለች፤ ከውጭ የሚያብረቀርቅ ሪቬት ከውስጥ የበሰበሰ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ሪቬቱን መንቀል አይደለም። ከላሜራው ጀርባ እስከ ሞተሩ እግር አንድ ቀጭን ሽቦ በሶልደር ይዘርጉ። ሲፈለግ ተነቅሎ ባቡሩ እንደነበረ ይመለሳል። ማብሪያውን ደግሞ 20 ጊዜ ያህል ያብሩት ያጥፉት፤ የውስጡ ዝገት በመፋተግ ይጸዳል።

ሞተሩን ለብቻው ለመፈተን አንድ 1.5 ቮልት ድንጋይ በሁለት ሽቦ በቀጥታ ለጥቂት ሰከንድ ያስነኩት። ከዞረ ጤነኛ ነው። በጣት ሲገፉት ብቻ የሚነሳ ከሆነ ቆሽሿል። ካርቦኖቹ (ወይም ቀጫጭን የመዳብ ላሜራዎቹ) የሚሳቡበትን ሦስት ክፍል ያለውን የመዳብ ቀለበት አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ፤ በክፍሎቹ መካከል ያሉትን ሦስት ስንጥቆች በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ጥቁሩን ዱቄት ያውጡላቸው። ያ ዱቄት ክፍሎቹን ያገናኝና ሞተሩን ያሞቀዋል። ከዚያ በዘንጉ ሁለት ጫፎች አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ። የወጥ ቤት ዘይት አይሆንም፤ በጥቂት ወራት እንደ ሙጫ ይደርቃል። መዳቡ ላይም ዘይት አይድረስ።

ባቡሩን ለመክፈት ግን ይጠንቀቁ። ገላው የተያዘው በቀዳዳ በገቡ የቆርቆሮ ምላሶች ነው። አንድ ምላስ መታጠፍና መቃናት የሚችለው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ሥሩ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ ከሆዱ በኩል የሚሠራ ሥራ ካለ ገላውን አይክፈቱ። የግድ ከሆነ አፉን በፕላስተር በጠቀለሉት ፒንሳ ቀስ ብለው ያቅኑ፤ ሲመልሱም ጥቂት ብቻ ያጣሙት።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ግድግዳ ሲነካ ራሱ ዞሮ የሚሄድ ባቡር ነበረን። አሁን ግድግዳው ላይ ቆሞ ያጉረመርማል፤ አይዞርም።

መልስ፦ ሆዱ ሥር ያለውን ክብ ሳህን ይዩት። የሚነዳው ጎማ የተሰካው በዚህ በሚሽከረከር ሳህን ላይ ነው። ባቡሩ ሲታገድ ጎማው ወደፊት መንከባለል ያቅተዋል፤ የሞተሩ ጉልበትም ጎማውን ትቶ ሳህኑን ያዞረዋል፣ መንገድ የተከፈተበት አቅጣጫ እስኪገኝ ድረስ። ጎማው መሬቱን ካልጨበጠ ግን ባለበት ይንሸራተታል፣ ሳህኑ የሚዞርበት ምክንያት አይኖርም። የእርስዎ ማጉረምረም ይኸው ነው።

የጎማው ላስቲክ ቀለበት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ጠንክሯል ወይም ወድቋል። ላስቲኩ የተቀመጠበትን ጉድጓድ ዲያሜትር ለኩና ከእሱ አንድ አሥረኛ ያህል የጠበበ ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ቀለበት) ግዙ፤ ለ20 ሚሊ ጉድጓድ 18 ሚሊ ውስጠኛ ዲያሜትር ያለው ይሆናል። ማስቲሽ አያስፈልገውም፣ በራሱ ይጨብጣል። ድንጋዩን አውጥተው ሳህኑን በጣት አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ ከጠነከረ በምሰሶው ዙሪያ የተጠቀለለ የምንጣፍ ክርና የደረቀ ግራሶ አለ። ክሩን በመርፌ ያውጡ፤ ግራሶውን አጽድተው እህል የምታህል አዲስ ይተኩ።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ሰማያዊ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የፕላስቲክ ባቡር ነው፣ ፕላሬል የሚባለው። ሞተሩ ሲዞር ይሰማል፤ ባቡሩ ግን ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ይንፏቀቃል።

መልስ፦ ፕላሬልን የሚሠራው የጃፓኑ ቶሚ (ዛሬ ታካራ ቶሚ) ነው። ሐዲዱ በ1959 ወጣ፤ በሞተር የሚሄደው ባቡር በ1961 ተከተለ። የቆዩቱ አንድ መካከለኛ ድንጋይ ይወስዳሉ፣ የኋለኞቹ አንድ ትንሽ ድንጋይ።

ጠቅታው የሚመጣው በሞተሩ ዘንግ ላይ ካለችው ትንሿ ነጭ ማርሽ ነው። ለዓይን ደህና ትመስላለች። በማጉያ መነጽር አስጠግተው ሲያዩዋት ግን በሁለት ጥርሶች መካከል፣ ሥሩ ላይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ማርሿ የገባችው ከቀዳዳዋ በትንሹ በሚወፍር ዘንግ ላይ ተጨንቃ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ተወጥራ ቆይታ በቀጭኑ ቦታዋ ተሰነጠቀች። ስንጥቁ ያለበት ጥርስ ከጎረቤቱ ስለራቀ በየዙሩ አንዴ ቀጣዩን ማርሽ ይመታል። ያ ነው ጠቅታው። ሱፐር ግሉ ብዙ ሰው ይሞክራል፤ ስንጥቁን አይዘጋም፣ ወደ ሞተሩ ከፈሰሰ ደግሞ ሞተሩንም ያጣሉ።

መተካት ብቻ ነው የሚሆነው። የአሮጌዋን ጥርስ ይቁጠሩ፣ ውፍረቷንና የዘንጉን ውፍረት ይለኩ። ለ2 ሚሊ ዘንግ የሚሸጡት የናይለን ማርሾች 1.9 ሚሊ ቀዳዳ አላቸው፣ በትክክል የሚጨብጠውም እሱ ነው። አሮጌዋን በሁለት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከግራና ከቀኝ እኩል አንሥተው ያውጡ። አዲሷን ሲያስገቡ የዘንጉ የኋላ ጫፍ ብረት ላይ ይደገፍ፤ የሞተሩን ፕላስቲክ ክዳን ደግፈው ከገፉ ክዳኑ ይወጣል። በመዶሻ አይምቱ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የባቡሬ ቀለም ተላልጧል። እንደገና ላስቀባው?

መልስ፦ አያስቀቡ። ሥዕሉ የታተመው ቆርቆሮው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው በፎርማ የተጫነው። የሾፌሩ ፊት፣ የመስኮቱ መስመር፣ ቁጥሩ፣ ሁሉም ሕትመት ስለሆነ በብሩሽ አይመለስም። ሰብሳቢም ከተቀባ ባቡር ይልቅ የተላጠውን ይመርጣል። ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ለስላሳ ሳሙና ጨምረው ጨርቁን ጨምቀው ይጥረጉ፣ አስቀድመው ሆዱ ላይ ይሞክሩት፣ ወዲያው ያድርቁ። አልኮልና አሴቶን ሕትመቱን ያነሣሉ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ብዙ አያለሁ። ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ የድንጋዩን ቤት ይክፈቱ። ገላው እንደ መስታወት እያበራ ሆዱ የተበላ ባቡር ብዙ ነው። ክዳኑ መኖሩንም ይዩ፤ ክዳን፣ ጭስ ማውጫና ደወል ቀድመው የሚጠፉ፣ ለብቻቸው ለማግኘት የሚያስቸግሩ ናቸው።

ከዚያ ምላሶቹን ይመልከቱ። ከፋብሪካ ወጥቶ ያልተከፈተ ምላስ መታጠፊያው ላይ አንድ ንጹሕ መስመር አለው። የተቧጨረ፣ ብረቱ የሚያበራ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ተከፍቷል፤ ተከፍቷል ማለት ተበላሽቷል ማለት ባይሆንም ዋጋ መቀነስ ግን ይገባዋል።

ምልክቱን ያንብቡ። ሦስቱ የጃፓን አምራቾች ናቸው፦ «ሞደርን ቶይስ» ከ«ቲ ኤም» ጋር የማሱዳያ ነው፣ «ቲ ኤን» የኖሙራ፣ የተራራ ሥዕል የአልፕስ። «ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን» የሚል ካለ የተሠራው አሜሪካኖች ጃፓንን በያዙበት ዘመን ነው፤ ያም በሚያዝያ 1952 አብቅቷል። የቻይና የቆርቆሮ መጫወቻዎች ደግሞ «ኤም ኢ» ከቁጥር ጋር ከተጻፈባቸው በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፣ «ኤም ኤፍ» ከሆነ ተገፍተው የሚሄዱ። ዋናው ካርቶን አብሮ ካለ፣ ቢቀደድም፣ አይተዉት።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ በሚሞላ ድንጋይ ማስኬድ ይቻላል? የአራት ዓመት ልጄስ ይጫወትበት?

መልስ፦ 1.2 ቮልት የሚሰጠው የሚሞላ ኒኬል ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱ 2.4 ቮልት ስለሚሆኑ ባቡሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ለአሮጌ ሞተር ግን እንዲያውም ይመቸዋል። በመጠን ትንሹን ድንጋይ የሚመስሉ 3.7 ቮልት የሊቲየም ድንጋዮች አሉ፤ እነሱን አያስገቡ፣ ከእጥፍ በላይ ነው። የቱንም ቢጠቀሙ ባቡሩ ሲቀመጥ ድንጋዩ ይውጣ።

ለልጅዎ ግን አይስጡት። በአሜሪካ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ (መርዛማው ብረት) በ1978 ነው በጥብቅ የተገደበው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ባቡር ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። የቆርቆሮው ጠርዝም ይቆርጣል። ዝገት ሲፍቁም እርጥብ አድርገው ይፈቁ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉና ጨርቁን ይጣሉት።