ሮቦት መሥራት ለምትፈልግ ተማሪ የትኛው ትምህርት ክፍል ይሻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚሁ ባሕር ዳር የመጀመሪያ ዓመት ትምህርትሽን እየጨረስሽ ነው፤ የትምህርት ክፍል መምረጫው ጊዜ ደርሷል፤ ፍላጎትሽ ሮቦት መሥራት ነው፤ በፊትሽ ባሉት ምርጫዎች ውስጥ ግን ሮቦቲክስ የሚል ስም አላገኘሽም። ከኤሌክትሪካል፣ ከመካኒካልና ከኮምፒውተር ሳይንስ የትኛው ይሻላል ብለሻል። ቤተሰቦችሽ ደግሞ «ወርክሾፕ ለሴት ልጅ ይከብዳል» እንደሚሉሽ ጽፈሻል።

እኔ ከፖሊ ግቢ፣ ማለትም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ የሥራ ዘመኔን በፋብሪካ አውቶሜሽን (ማሽኖች በራሳቸው እንዲሠሩ በማድረግ) ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በትርፍ ጊዜዬም ተማሪዎችን በመመረቂያ ፕሮጀክታቸው አግዛለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ኤሌክትሪካልን ምረጪ፤ ዘርፍ የምትለዪበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ማሽንን መቆጣጠር ወደሚያስተምረው ወደ ኮንትሮል አዘንብዪ። ነገር ግን ምክንያቴን ሳትመዝኚ ምርጫሽን አትሙዪ፤ ምክንያቱ ለአንቺ የማይሆን ከሆነ መልሱም አይሆንሽም።

በመጀመሪያ ስሙ ስለሌለ አትከፊ። ሮቦቲክስ ራሱን ችሎ በመጀመሪያ ዲግሪ መሰጠት የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። በአሜሪካ እንኳ ቀዳሚው ዎርሰስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሲሆን የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ዩኒሜት ግን በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሮቦት ከሠሩት አብዛኞቹ የመጡት ከሌላ ትምህርት ክፍል ነው። የሚራመዱ ሮቦቶችን የሚሠራው የቦስተን ዳይናሚክስ ኩባንያ መሥራች ማርክ ሬይበርት የመጀመሪያ ዲግሪው በኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ አይሮቦት የተባለውን የሮቦት ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሮድኒ ብሩክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ በሒሳብ ነው።

አሁን ጣናን አስቢ። እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰው ሳይሳፈርባት ከዳር ተነሥታ እምቦጩን ፎቶ የምታነሣ፣ የውሃውን ጥልቀት የምትለካና በራሷ የምትመለስ ትንሽ ጀልባ እንሥራ ብንል ምን ይገጥመናል? የእምቦጩ ሥር በመቅዘፊያው ላይ ይጠመጠማል፤ ሞተሩ ይታነቃል። ቅርጿን፣ ክብደቷንና መቅዘፊያዋን እንደገና ማሰብ ሊኖርብን ነው፤ ይህ የመካኒካል ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ ጀልባዋ ከመስመሯ ትወጣለች። ኮምፓሱ ምን ያህል እንደዞረች ይነግረናል፤ የግራውና የቀኙ ሞተር ምን ያህል ኃይል ይስጡ የሚለውን ግን እኛ እንወስናለን። እርማቱ ሲበዛ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ባትሪዋን ትጨርሳለች፤ ሲያንስ ነፋሱ ደንገል ውስጥ ይከታታል። ልኩን ፈልጎ ማግኘት ኮንትሮል ይባላል፤ የኤሌክትሪካል ሥራ ነው። በመጨረሻም በፎቶው ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር እምቦጭ ይሁን ደንገል የሚለየው ፕሮግራም አለ፤ እሱ የኮምፒውተር ሰዎች ድርሻ ነው።

ከሦስቱ አንዱን ስታነቢ ልብሽ ቆም ብሎ ከሆነ ለእሱ ትልቅ ቦታ ስጪው። ሁሉም እኩል ከሳበሽ ግን የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ በዲግሪ መማር ያለብሽ ብቻሽን ቤትሽ ተቀምጠሽ ልትማሪው የማትችይውን ነው።

ፓይተንና ሲ ፕላስ ፕላስ የተባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች በራስሽ ላፕቶፕ መማር ትችያለሽ። የሮቦት ፕሮግራም የሚጻፍበት አርኦኤስም ሆነ ሮቦቱን ሳትገዢ በኮምፒውተር ላይ የምትሞክሪበት ጋዜቦ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። አንዴ በዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ካወረድሻቸው በኋላ ከአውታረ መረብ ውጪ ይሠራሉ። መብራት ሲጠፋ ትተኛለሽ፣ ሲመጣ ትቀጥያለሽ። የላፕላስ ትራንስፎርም የሚባለውን የሒሳብ ዘዴ፣ የሲግናልን ትምህርትና የሞተርን ጠባይ ግን ፈተና ሳያስገድደው፣ መምህር ቆሞ ሳይጠይቀው፣ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ያለበት ላብራቶሪ ሳይገባ በገዛ ፈቃዱ የጨረሰ ሰው አላጋጠመኝም። ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው የማጣሪያ ስሌት ዛሬም ሮቦቶች የት እንዳሉ ለመገመት ይጠቀሙበታል። ኮዱ ጥቂት መስመር ነው፤ ከየትም ትገለብጪዋለሽ። ግምቱ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ የምታውቂው ግን ሊኒየር አልጀብራንና ፕሮባብሊቲን በደንብ ስትይዢ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለተማሪዎች ሁሉ «ሒሳቡን ለማለፍ ያህል አትማሩት» እያልኩ የምለምነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይሽ። ያገዝኳቸው ተማሪዎች ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ መኪና ሠርተው ነበር። መኪናዋ ለመነሣት ስትሞክር አንዴ ትነቀነቅና ማይክሮኮንትሮለሩ (ኮዱን የሚያስኬደው ትንሽ ኮምፒውተር) ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ኮዱን ደጋግመው ቀየሩት፤ ለውጥ የለም። የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር ባትሪው ላይ አድርገን ሞተሮቹን ስናስነሣ ቮልቴጁ ወዲያው ሲወርድ አየን። ሞተር ከቆመበት ሲነሣ የሚስበው ከረንት በመደበኛ ሩጫው ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው። የተጠቀሙበት ኤል 298 ኤን የሞተር መቆጣጠሪያ ደግሞ ሁለት ቮልት ገደማ ራሱ ላይ ያስቀራል፤ ከ7.4 ቮልት ባትሪ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ለማይክሮኮንትሮለሩ የራሱን ባትሪ ሰጠነው፤ የሁለቱን ኔጌቲቭ አገናኘን፤ ቮልቴጁ በድንገት እንዳይወርድ የሚያግዝ ካፓሲተር ጨመርን። ከኮዱ አንድ ፊደል ሳይነካ መኪናዋ ተነሣች። ተነሥታም ወደ ግራ ትጎትት ጀመር። አሁንም ወደ ኮዱ ሊመለሱ ሲሉ ከመካከላቸው መካኒካል የምትማረዋ ልጅ መኪናዋን አንሥታ ጎማዎቹን በእጇ አሽከረከረቻቸው። የግራው ከበዳት። የማርሹ ጥርስ ሽፋኑን እየነካ ነበር፤ በሞረድ አስተካከለችው።

ስለዚህ መካኒካልን አሳንሰሽ እንዳታዪው። የሚራመድ ሮቦት ወይም እንደ ሰው ክንድ የሚታጠፍ ሮቦት ከሆነ ሕልምሽ፣ የእንቅስቃሴና የኃይል ስሌቱን ከመካኒካል የተሻለ የሚያስተምርሽ የለም፤ ያኔ ኤሌክትሮኒክሱንና ፕሮግራሙን በራስሽ ትጨምሪበታለሽ። ምደባው በውጤት ስለሆነ ኤሌክትሪካል ባይደርስሽም መካኒካልን ሁለተኛ አድርጊ፤ ከመንገድሽ አልወጣሽም። ወርክሾፕ ለሴት ይከብዳል የሚለውን ግን ከልቤ እቃወማለሁ። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ላቴ ማሽን ጥንቃቄና ትዕግሥት እንጂ ጡንቻ አይጠይቅም። አብሬያቸው ከሠራኋቸው ጥንቁቅ የጥገና ባለሙያዎች መካከል ሴቶች አሉ። ለእናትና ለአባትሽ ይህንን አንብቢላቸው።

ኮምፒውተር ሳይንስም መንገድ ነው። አዲስ አበባ ያለው አይኮግ ላብስ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ሶፊያ በምትባለው ሰው መሳይ ሮቦት ሶፍትዌር ላይ ተሳትፏል፤ ሥራው ከአገር ሳይወጣም ይሠራል ማለት ነው። ከምህንድስናው አንድ ዓመት ስለሚያጥር ብቻ ግን አትምረጪው።

ስለ ሥራ ማንም በግልጽ ስለማይነግርሽ እኔ ልንገርሽ። ስትመረቂ የሚጠብቅሽ ሰው መሳይ ሮቦት አይደለም። በአካባቢያችን የሚንቀሳቀሰው ማሽን የጠርሙስ መሙያ መስመር፣ የጨርቃ ጨርቅ ማሽንና የዱቄት ፋብሪካ ነው። ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር)፣ ሴንሰርና ሰርቮ ሞተር (በታዘዘው ልክ የሚዞር ሞተር) ያለበት ሁሉ የሮቦት ዘመድ ነው፤ እዚያ የተማረ እጅ ሮቦት ላይ አይደናገርም። ለኢንተርንሽፕ ስትወጪ ቢሮ አትምረጪ፤ ራሱን የሚቆጣጠር የማምረቻ መስመር ያለበትን ፋብሪካ ፈልጊ። ከጥገና ክፍሉ ጋር የሌሊት ፈረቃ ለመግባትም ጠይቂ፤ ማሽኑ ሲቆም ሰዎች እንዴት እንደሚያስቡ የምታዪው ያኔ ነው። የመውጫ ፈተናውንም አትርሺ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳያልፉት መመረቅ የለም፤ ፕሮጀክት የሚወድ ተማሪ ደግሞ ንባቡን ወደ ኋላ ይገፋል።

ዕቃ ውድ ነው ብለሽ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። የተበላሸ ፕሪንተር ከጽሕፈት ቤቶችና ከኮምፒውተር ጠጋኞች በርካሽ ይገኛል። ስትፈቺው ሞተሮች፣ ማርሾች፣ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግና ብዙ ጊዜም የሞተሩን እንቅስቃሴ የሚቆጥር ሴንሰር ታገኚበታለሽ። ከኤሌክትሪክ መንቀልሽን አረጋግጠሽ ጀምሪ።

ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት ፖሊ ግቢ ሄደሽ አንድ የአራተኛ ዓመት ኤሌክትሪካልና አንድ የመካኒካል ተማሪ ደብተራቸውን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ የኮንትሮሉንና የማሽን ዲዛይኑን። ባይገባሽም ቁጭ ብለሽ ገጽ በገጽ እያገላበጥሽ እዪው። የትኛው ላይ ረዘም ብለሽ እንደቆየሽ እዚሁ ጻፊልኝና ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫሽን አብረን እናያለን።