«በየፓምፑ ጥገና»፦ የማጣቀሻ አጻጻፍና የኅትመት መሣሪያ ምርጫ

ጥያቄ፦ የውኃ ፓምፕ የጥገና መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ጽሑፉን በዶክቡክ ኤክስኤምኤል (የሰነዱን ክፍሎች በኮድ ምልክት እየለዩ መጻፊያ ሥርዓት) ጽፈን ለኅትመት ወደ ፒዲኤፍ እንለውጠዋለን። ማጣቀሻዎቹን መሣሪያው ራሱ ሲሞላቸው «በ ምዕራፍ 3 ይመልከቱ»፣ «በየፓምፑ ጥገና እንደተገለጸው» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይወጣሉ። ጥፋቱ የእኛ አማርኛ ነው ወይስ የመሣሪያው? ሌላ መሣሪያ እንምረጥ? «3ኛ ምዕራፍ» ብንልስ ይሻላል?

መልስ፦ ጥፋቱ ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ዶክቡክ ውስጥ የማጣቀሻ ታግ (ወደ ሌላ ክፍል የሚጠቁም የኮድ ምልክት) ስታስገቡ መሣሪያው ቁጥሩን ብቻ አያመጣም፤ «ምዕራፍ» የሚለውን ስያሜ፣ እንደ አሰናዳችሁትም ርእሱን ጭምር አምጥቶ ይተክላል። ይህ ቃላት ሳይነካኩ ጎን ለጎን ለሚቆሙበት ቋንቋ ይመቻል። አማርኛ ግን በ፣ ከ፣ ለ እና የን ከስሙ ፊት ይለጥፋል፤ ንን ደግሞ ከኋላው።

የመጀመሪያው ስሕተት መፍትሔው ቅርብ ነው። «በ» ብላችሁ ታጉን ከቀጣዩ መስመር ከጀመራችሁት፣ ወይም ኤዲተሩ ኮዱን ሲያሰልፍ መስመሩን ከሰበረው፣ ያ ስብራት ሲታተም ባዶ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ «በ»ንና ታጉን አጣብቃችሁ ጻፉ። «ይመልከቱ» ከሚለው ግሥ ጋር ግን የሚስማማው «ምዕራፍ 3ን ይመልከቱ» ነው።

ሁለተኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ላይ ላዩን ሲያዩት ስሕተት አይመስልም። የምዕራፉ ርእስ «የፓምፑ ጥገና» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ርእስ «በ» ሲያስቀድምለት የ ይወድቃል፤ «በፓምፑ ጥገና» ይላል። ማንም ሳያስተምረን የምናደርገው ነገር ነው። መሣሪያው ግን ይህን አያውቅምና ሁለቱን ገጣጥሞ «በየፓምፑ» ብሎ ያትማል። «በየፓምፑ» ማለት ደግሞ «በእያንዳንዱ ፓምፕ» ማለት ነው። «ከየፓምፑ»ም «ለየፓምፑ»ም እንደዚሁ ናቸው። ስለ አንድ ፓምፕ የተጻፈው ስለ ፓምፖች ሁሉ ሆኖ ይነበባል፤ ፊደል አራሚውም ያልፈዋል፣ ቃሉ ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ነውና። በጥገና መመሪያ ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ ችላ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ ርእሱን የሚሸከም ቃል ስጡት፤ ርእሱ እንዳለ ይቀመጥ፦ «‹የፓምፑ ጥገና› በሚለው ምዕራፍ እንደተገለጸው»። «በ» «የሚለው» ላይ ያርፋል፤ ርእሱን የሚነካው የለም። ቁጥር ሲሆንም «ዝርዝሩ ምዕራፍ 3 ላይ አለ» ማለት ይቻላል። ላይና ውስጥ ተለይተው ስለሚጻፉ መሣሪያው የሚያበላሸው ነገር አይኖርም።

ለመሣሪያ ምርጫው መለኪያዬም ከዚሁ ይነሣል፦ ቁጥሩን ብቻ አምጥቶ ቃሉን ለጸሐፊው የሚተው ይመረጣል። ላቴክ የተባለው የሰነድ ማዘጋጃ በተለመደው ማጣቀሻው የሚሰጠው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ «በምዕራፍ» የሚለውን እናንተ ትጽፋላችሁ። ማርክዳውን ከተባለው ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት ተነሥቶ ፓንዶክ በተባለው የሰነድ መለወጫ ሲሠራ የማያያዣውን ቃል ሙሉ በሙሉ የሚጽፈው ጸሐፊው ነው፤ ነገር ግን ቁጥሮቹን የሚያድስ ተጨማሪ ማጣሪያ (ተቀጥላ ፕሮግራም) ካልተገጠመለት ምዕራፍ ሲጨመር በእጅ የተጻፉት ቁጥሮች ባሉበት ይቀራሉ። ለአጭር ሰነድ ይበቃል። ብዙ ምዕራፍ ላለው መመሪያ ግን ዶክቡክን አትልቀቁት። ኤክስሬፍስታይል (xrefstyle) በተባለው አትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ በሚጻፍ ትእዛዝ) ቁጥሩን ብቻ እንዲያመጣ ማዘዝ ይቻላል፤ የአማርኛ ስያሜዎቹንም በስታይልሺቱ (የሰነዱን መልክ በሚወስነው ፋይል) ውስጥ እንደገና መጻፍ ትችላላችሁ።

«3ኛ ምዕራፍ» ቅደም ተከተልን ለመናገር ጥሩ ነው። ለማጣቀሻ ግን «ምዕራፍ 3» ይሁን። የነጋሪት ጋዜጣ ሕጎችም «በአንቀጽ 8 ንዑስ አንቀጽ (2) መሠረት» በሚል መልክ ነው የሚጽፉት፤ አንባቢው የለመደው ነው።

ስለ መልኩ ጥቂት ልጨምር። ፒዲኤፉን አፓቼ ኤፍኦፒ በተባለው ፒዲኤፍ አውጪ ፕሮግራም የምታወጡ ከሆነና በፊደላችን ፈንታ # ከተደረደረ፣ የግእዝ ፊደል ያለው ፎንት አልተመዘገበለትም ማለት ነው፤ እንደ ኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክ ያለውን በማዋቀሪያ ፋይሉ አስመዝግቡ። ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ አትተዉ፤ ። ብቻውን በመስመር መጀመሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቶ አራት ነጥብ ማስመሰልም ይቅር፤ ለዐይን ቢመሳሰልም ለማሽኑ ሌላ ምልክት ነው። ዶክቡክ በልማዱ የመስመሩን ሁለት ጫፍ እኩል ያደርጋል፤ «እንደሚያስፈልጋቸውም» ያሉ ረጃጅም ቃላት በጠባብ ዐምድ ሲገቡ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። በግራ ብቻ ማስተካከሉን እመርጣለሁ።

የቃላት ማውጫ ካላችሁ ደግሞ የፊደል ነገር ይመጣል። እናንተ «ውኃ» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ፤ ሌላው የቡድናችሁ አባል «ውሃ» ወይም «ውሀ» ብሎ ከጻፈ ማውጫው አንዱን ቃል በተለያየ ቦታ፣ የተለያየ የገጽ ቁጥር ሰጥቶ ያወጣዋል። ሦስቱም ይነበባሉ። አንዱን መርጣችሁ ሁላችሁም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእሱ ጻፉ።